የታተመ መጽሐፍ ወይስ ኢ-ሪደር? ለወሎ አንባቢ የቀረበ ንጽጽር

በደሴ፣ በኮምቦልቻ ወይም በወልዲያ የሚኖርና ከወር ገቢው ጥቂት ቀንሶ መጽሐፍ የሚገዛ ሰው ዛሬ ሁለት መንገድ ከፊቱ አለ። አንደኛው እንደለመደው የታተመ መጽሐፍ አንድ በአንድ መግዛት ነው፤ ሁለተኛው ጠርቀም ያለ ገንዘብ አንድ ጊዜ አውጥቶ ኢ-ሪደር የሚባለውን የኤሌክትሮኒክ ማንበቢያ ገዝቶ ብዙ መጻሕፍትን በአንድ መሣሪያ መያዝ ነው። ስለዚህ ጉዳይ ምክር የሚጠይቁኝ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ስለ መሣሪያው ዓይነትና ዋጋ ይጀምራሉ። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቃቸው በምን ቋንቋና ምን ዓይነት ጽሑፍ እንደሚያነቡ ነው፤ ምክንያቱም በአማርኛ ልቦለድና ታሪክ የሚያነብ ሰውና በእንግሊዝኛ የሙያ መጽሐፍ የሚያነብ ሰው፣ በአንድ ግቢ ቢኖሩና እኩል ገንዘብ ቢኖራቸው እንኳ፣ አንድ ዓይነት ምርጫ ሊያደርጉ አይገባም።

ወደ ንጽጽሩ ከመግባታችን በፊት ኢ-ሪደርን ከስልክና ከታብሌት መለየት ያስፈልጋል። የኢ-ሪደር ገጽ ኢ-ኢንክ በሚባል ስልት የሚሠራ ሲሆን፣ ዓይን በማያያቸው ደቃቅ እንክብሎች ውስጥ የተለያየ የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው ጥቁርና ነጭ ብናኞች አሉት። ኤሌክትሪክ ሲደርሳቸው አንዱ ወገን ወደ ላይ ወጥቶ ሌላው ወደ ታች ይወርድና ፊደሉ ይሣላል፤ ገጹ አንድ ጊዜ ከተሣለ በኋላም ባለበት ለመቆየት ኃይል አይጠይቅም። ባትሪው ለሳምንታት የሚበቃውና በጠራራ ፀሐይ ላይ እንደ ወረቀት የሚነበበው በዚህ ምክንያት ነው። ስልክና ታብሌት ግን ብርሃናቸውን ቀጥታ ወደ ዓይን ይረጫሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት ከመኝታ በፊት እንዲህ ባለ ብርሃን በሚረጭ መሣሪያ ያነበቡ ሰዎች ሜላቶኒን የተባለው የእንቅልፍ ሆርሞን ዘግይቶ እንደሚመነጭባቸውና እንቅልፍ እስኪወስዳቸው ረዘም ያለ ጊዜ እንደሚፈጅባቸው አሳይቷል። በዚህ ላይ በየደቂቃው የሚመጣው መልእክት ሲታከልበት፣ በስልክ ረጅም መጽሐፍ ጀምሮ መጨረስ እጅግ ከባድ ይሆናል። ስለዚህ «ስልክ አለኝ፣ ኢ-ሪደር ምን ያደርግልኛል?» የሚለውን ሐሳብ አልቀበልም።

የአማርኛው ጉዳይ

ገዢ ከሁሉ አስቀድሞ ሊያስብበት የሚገባው ነገር ይህ ነው፤ በውጭ አገር የሚወጡ ንጽጽሮች ግን ከቶ አያነሡትም። በታወቁት የኢ-ሪደር መደብሮች፣ በአማዞንም ሆነ በኮቦ፣ የሚሸጡ የአማርኛ መጻሕፍት ጥቂት ናቸው። በደሴ ፒያሳ አንድ አዟሪ በክንዱ ተሸክሟቸው ከሚዞራቸው መጻሕፍት መካከል ሕጋዊ የኤሌክትሮኒክ ዕትም ያላቸውን መፈለግ ብዙ ጊዜ ባዶ እጅ ያስመልሳል። አንባቢው ታዲያ በቴሌግራም ወደሚዘዋወሩት የፒዲኤፍ ፋይሎች ይሄዳል። እነዚህ ፋይሎች በአብዛኛው የታተመው መጽሐፍ ገጽ በገጽ ፎቶ ተነሥቶ የተዘጋጁ ናቸው።

የዚህ ዓይነቱ ፋይል ችግር በስክሪኑ መጠን ላይ ይታያል። የአገራችን ልቦለዶች አብዛኛውን ጊዜ የሚታተሙበት ኤ5 የሚባለው የወረቀት መጠን 14.8 በ21 ሴንቲ ሜትር ነው። ባለ 6 ኢንች ኢ-ሪደር ግን ወደ 9 በ12 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ገጽ ብቻ ስላለው፣ ሙሉው ገጽ በአንድ ጊዜ እንዲታይ ከተፈለገ ጽሑፉ ወደ 58 በመቶ ይኮማተራል፤ በባለ 7 ኢንቹ ደግሞ ወደ 68 በመቶ ይወርዳል። ገጹን በመጠኑ የሚይዘው ባለ 10.3 ኢንቹ ሲሆን፣ እርሱ በዋጋ ከትንንሾቹ እጅግ ይርቃል። የአማርኛ ፊደል «ቢ» ከ«ቤ»፣ «ሉ» ከ«ሊ» በአንዲት ትንሽ ቅጥል የሚለይ በመሆኑ፣ ፊደሉ ሲኮማተር መጀመሪያ የሚጠፋው ይኸው መለያ ነው። በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ላይ አድካሚ ብቻ የሚሆነው መኮማተር በአማርኛ ላይ ቃል ያሳስታል። ፋይሉን አጉልቶ ወደ ጎን እየገፉ ማንበብ ይቻላል፤ ነገር ግን ኢ-ኢንክ ገጹን የሚቀይረው በዝግታ ስለሆነ ትዕግሥት ይፈትናል።

ጽሑፉ በፎቶ ሳይሆን በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮችና ስልኮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደል ኮድ፣ ተጽፎ ኢፐብ በሚባለው የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ፋይል ዓይነት ከተዘጋጀ ግን ነገሩ ፈጽሞ ይለወጣል። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 ዕትም ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ «አቢሲኒካ» እና «ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ» የመሳሰሉ ነፃ የፊደል ቅርጾች ተዘጋጅተዋል። የአማዞን ኢ-ሪደር በሆነው በኪንድልም በኮቦም ላይ መሣሪያውን ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ እነዚህን ፊደላት «ፎንትስ» በሚለው አቃፊ ውስጥ መገልበጥና ከምርጫው ላይ መምረጥ ይቻላል። በቀድሞዎቹ የግዕዝ መተየቢያ ፕሮግራሞች የተጻፈ አሮጌ ፋይል ግን ወደ ዩኒኮድ ካልተቀየረ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደላት ድርድር ሆኖ ይታያል።

ጽሑፉ በትክክል በዩኒኮድ የተዘጋጀ ከሆነ ኢ-ሪደር ወረቀት የማይሰጠውን አንድ ትልቅ ጥቅም ይሰጣል፤ ፊደልን እንደ ዓይን አቅም ማጉላት ያስችላል። ዓይናቸው ደክሞ ከሚወዱት መጽሐፍ የተለያዩ አባቶችና እናቶች ያሉበት ቤት ይህን ጥቅም በቀላሉ ሊያየው አይገባም። ልጃቸው በትዕግሥት ፋይል አዘጋጅቶ ከሰጣቸው እንደገና ማንበብ ይችላሉ፤ ለእኔ ከኢ-ሪደር ጥቅሞች ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው።

ስለ ቴሌግራም ፋይሎች ሌላም ነገር መባል አለበት። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲ የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠበቃል። በሕይወት ያለ ደራሲ መጽሐፍ በነፃ ሲዘዋወር የሚጎዳው ያ ደራሲ ነው። ኢ-ሪደርን ያለ ፈቃድ በተባዙ የአማርኛ መጻሕፍት ለመሙላት አስቦ የሚገዛ ሰው ካለ፣ ገንዘቡን ለታተሙት መጻሕፍት ቢያውለው ይሻላል ብዬ በግልጽ እመክራለሁ።

ዋጋና ባለቤትነት

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 አዲሶቹ ሞዴሎች ሲወጡ፣ ተራው ኪንድል በአሜሪካ ወደ 110 ዶላር፣ ባለ 7 ኢንቹ ኪንድል ፔፐርዋይት ደግሞ ወደ 160 ዶላር ነበር። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ይህ ዋጋ ወደ ብር ሲመነዘር በጣም ከፍ ብሏል፤ ወረቀት ከውጭ የሚገባ በመሆኑ የታተመው መጽሐፍም ከዚህ ጫና አላመለጠም። የሚያዋጣውን ለማወቅ ቀላሉ መንገድ የመሣሪያውን ዋጋ በአንድ መጽሐፍ አማካይ ዋጋ ማካፈል ነው። የሚገኘው ቁጥር ገዢው በሁለትና በሦስት ዓመት ከሚያነበው መጽሐፍ ቁጥር የሚበልጥ ከሆነ፣ መሣሪያው በገንዘብ ረገድ አያዋጣውም። ስሌቱ በመሣሪያው ላይ የሚነበቡት መጻሕፍት በነፃና በሕጋዊ መንገድ የሚገኙ ናቸው ብሎ እንደሚነሣ ግን አይዘንጋ። እንዲህ ያሉ መጻሕፍት በእንግሊዝኛ ሞልተዋል፤ ለምሳሌ የጉተንበርግ ፕሮጀክት የባለቤትነት መብታቸው ያለፈ ከ70,000 በላይ መጻሕፍትን በነፃ ያቀርባል። ከውጭ መደብር ለመግዛት ግን በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ያስፈልጋል፤ ይህም ለአብዛኛው የአካባቢያችን አንባቢ የተዘጋ በር ነው።

የታተመ መጽሐፍ ከተነበበ በኋላም ዋጋ አለው። ይሸጣል፣ በሌላ ይለወጣል፣ ይከራያል፤ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት፣ ከዶርም ወደ ዶርም ሲዞር አንዱ ቅጂ ብዙ ሰው ያስነብባል። ከኤሌክትሮኒክ መደብር የተገዛ መጽሐፍ ግን በአብዛኛው የማንበብ ፈቃድ እንጂ ሙሉ ንብረት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 አማዞን አስቀድሞ የሸጣቸውን የተወሰኑ መጻሕፍት ከገዢዎች ኪንድል ላይ ከርቀት ሰርዞ ነበር፤ በኋላ ይቅርታ ቢጠይቅም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 ደግሞ የተገዛን መጽሐፍ ወደ ኮምፒውተር አውርዶ በገመድ የማዛወርን አገልግሎት አቁሟል። መጽሐፍ ማዋስ እንደ ጉርብትና ወግ በሚታይበት አገር ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም።

ማንበብና ማስታወስ

ለፈተና ለሚዘጋጅ ተማሪ የሚጠቅም የጥናት ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመና ከ170,000 በላይ ተሳታፊዎች ያሉባቸውን 54 ጥናቶች ያጠቃለለ ምርመራ፣ መረጃ ሰጪ ጽሑፍን በወረቀት ያነበቡ ሰዎች በስክሪን ካነበቡት የተሻለ እንደሚረዱ፣ ልዩነቱም ጊዜ በተገደበበት ንባብ ላይ እንደሚሰፋ፣ በትረካ ጽሑፍ ላይ ግን ልዩነት እንዳልታየ አመልክቷል። ከእነዚያ ጥናቶች አብዛኞቹ የኮምፒውተርና የታብሌት ስክሪን የተጠቀሙ ስለሆኑ ሁሉንም በኢ-ሪደር ላይ መጫን አይገባም። በቀጥታ በኪንድል ላይ የተደረገው የኖርዌይዋ ተመራማሪ የአን ማንገንና የባልደረቦቿ ጥናት (እ.ኤ.አ. 2019)፣ አንድን ታሪክ በኪንድልና በወረቀት ያነበቡት ሰዎች በአብዛኛው እኩል እንደተረዱት፣ ድርጊቶቹ በምን ቅደም ተከተል እንደተፈጸሙና በመጽሐፉ የትኛው ክፍል ላይ እንደነበሩ በማስታወስ ግን ወረቀት ያነበቡት እንደበለጡ አግኝቷል። የተገለጠው ወፍራም፣ የቀረው ቀጭን ሆኖ በእጅ ላይ መሰማቱ ለአእምሮ እንደ ምልክት ሳያገለግል አይቀርም። ስለዚህ ልቦለድ ለመዝናናት ለሚያነብ ሰው ልዩነቱ ጥቂት ነው፤ የታሪክ መጽሐፍን ዘመን በዘመን ተከትሎ ለመያዝ ለሚፈልግ ወይም በኅዳግ ላይ እየጻፈ ለሚያጠና ግን ወረቀቱ ይሻላል።

በእንግሊዝኛ የሚማር ተማሪ በበኩሉ ከኢ-ሪደር አንድ ልዩ ጥቅም ያገኛል፤ የማያውቀውን ቃል በጣቱ ሲነካ ፍቺው እዚያው ይወጣለታል። ለወሎና ለወልዲያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ይህ ብቻውን መሣሪያውን ሊያስገዛው ይችላል። የሁለተኛ ደረጃ መማሪያ መጻሕፍት ግን ገጻቸው ሰፊ፣ ባለ ቀለም ሥዕልና ሰንጠረዥ የበዛባቸው ስለሆኑ፣ ለልጁ መማሪያ ብሎ ጥቁርና ነጭ ባለ 6 ኢንች መሣሪያ የሚገዛ ወላጅ ያዝናል።

መብራት፣ ክረምትና ዕድሜ

መብራት በመጥፋቱ ኢ-ሪደር አይጎዳም፤ በገጠር ለስልክ በሚያገለግለው ትንሽ የፀሐይ ኃይል መሣሪያ ይሞላል፣ ፋይሉ አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔትም አያስፈልገውም። የራሱ መብራት ያለው ሞዴል ከሆነ በጨለማ ቤትም ይነበባል፤ ወረቀቱ ኩራዝ ወይም ባትሪ ይጠይቃል። የደሴ የክረምት ጉምና እርጥበት ወረቀትን ያሻግታል፤ በቆላው ወገን ደግሞ ምስጥ አለ። መደርደሪያውን ከግድግዳ ትንሽ ማራቅና ጥቅምት ላይ መጻሕፍቱን አውጥቶ ማናፈስ ይረዳል።

ስለ ዕድሜ ስናነሣ ወሎ የሚያኮራ ምስክር አላት። አባ ኢየሱስ ሞአ እ.ኤ.አ. በ1280/81 ለሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሰጡት የብራና ወንጌል እስከ ዘመናችን ደርሷል፤ በየመንደሩ በሼሆች ቤት ተጠብቀው የኖሩት የመንዙማና የትምህርት ጽሑፎችም የዚሁ የመጻፍና የመጠበቅ ባህል ፍሬ ናቸው። የዛሬው የሙጫ ጥራዝ ግን የብራናን ዕድሜ አይመኝም፤ በሰፊው ሲገለጥ ጀርባው ይሰነጠቅና ገጾቹ ይወልቃሉ። ገዢ ከመክፈሉ በፊት መጽሐፉን መካከሉ ላይ ገልጦ ገጾቹ በክር የተሰፉ መሆናቸውን ቢያይ፣ ክር ያለውን ዕትም ጥቂት ጨምሮም ቢሆን ቢገዛ ይመረጣል። ኢ-ሪደር በአንጻሩ ስክሪኑ በግፊት በቀላሉ ይሰበራል፤ ስልክ የሚጠግኑት ባለሙያዎቻችንም መለዋወጫውን እንደ ስልክ ስክሪን በቀላሉ አያገኙትም። ባለ ሽፋን ማኅደር ከመሣሪያው ጋር አብሮ መገዛት አለበት። ሆኖም በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ንብረት እንዴት እንደወደመ ያየ ሰው፣ ሌላ ቦታ ቅጂ ሊቀመጥለት የሚችል ፋይል ምን ያህል እንደሚጠቅም ይረዳል።

መግዛት ለወሰነ ሰው

ንባቡ በአብዛኛው አማርኛ ለሆነ ሰው ዛሬ የምመክረው የታተመ መጽሐፍ ነው። ንባቡ በአብዛኛው እንግሊዝኛ ለሆነ ሰው ባለ 7 ኢንች ኢ-ሪደር፣ የፒዲኤፍ ሰነድ ለሚበዛበት ተመራማሪ ደግሞ፣ አቅም ካለው፣ ባለ 10 ኢንቹ ይስማማዋል።

ብዙዎቻችን መሣሪያውን የምናስመጣው ጂዳ ወይም ዱባይ ባለ ዘመድ በኩል ነው። ያገለገለ ከሆነ ከቀድሞው ባለቤት አካውንት መውጣቱ ይረጋገጥ፤ በሌላ ሰው ስም የተመዘገበ ወይም ተሰርቋል ተብሎ የተዘጋ ኪንድል በአዲሱ ባለቤት አካውንት ከመደብሩ ጋር አይገናኝም። በዝቅተኛ ዋጋ የሚሸጡ አንዳንድ ኪንድሎች ማስታወቂያ የሚያሳዩ መሆናቸው ይጠየቅ። ከሁሉ በላይ ለዘመዱ አንድ አጭር የአማርኛ ኢፐብ ፋይል (ለኪንድል ከሆነ ኪንድል ወደሚከፍተው ዓይነት የተቀየረ) እና አንድ የፊደል ቅርጽ አስቀድሞ ይላክለትና፣ ሻጩ ዘንድ እንዳለ ጭኖ ይክፈተው። በፊደሉ ፈንታ ባዶ ሳጥን ከታየና ፊደሉ ከተጫነ በኋላም ካልተስተካከለ ያን ሞዴል ይተወው፤ ከተስተካከለ ግን ደረሰኙን ከሳጥኑ ጋር ይዞ ይምጣ።