«አብዮት» እና «ሪቮሉሽን»፦ እምቢታ እና ዑደት

«ሪቮሉሽን» የሚለው የአውሮፓውያን ቃል የመጣው ወደ ኋላ ማንከባለልን፣ መልሶ ማዞርን ከሚያመለክት የላቲን ግሥ ነው። የሥነ ፈለክ ሊቁ ኮፐርኒከስ እ.ኤ.አ. በ1543 በታተመው ሥራው ቃሉን ያዋለው ለሰማይ አካላት ዑደት ነበር፤ እንግሊዞችም እ.ኤ.አ. በ1688 ንጉሥ ጄምስ 2ኛ ከዙፋኑ የወረደበትን ክስተት በዚሁ ስም ሲጠሩት፣ ብዙዎች ያሰቡት አዲስ ሥርዓት መፍጠርን ሳይሆን ወደ ቀደመ መብት መመለስን ነበር። ያለፈውን ቆርጦ መጣል የሚለው ትርጉም የጠነከረው ከ1789ኙ የፈረንሳይ አብዮት ወዲህ ነው።

«አብዮት» ግን «እምቢ አለ» ማለት ከሆነው ከግእዙ «አበየ» የወጣ በመሆኑ፣ በሥሩ ያለው መዞር ሳይሆን የሰው ፈቃድ ነው። ይህንን እንደ ትልቅ ብልጫ እቆጥረዋለሁ፤ በ1966 ዓ.ም. መምህሩ፣ ወታደሩና የታክሲ ነጂው በየፊናቸው እምቢ ያሉበትን ወቅት ከዚህ ቃል የተሻለ የሚገልጸው የለምና። ስለ «ኢንዱስትሪ አብዮት» ስንናገር ግን የግእዙ ሥር ይጠብባል፤ በዚያ ለውጥ ውስጥ ዋናው ነገር እምቢታ ሳይሆን የአሠራር መለወጥ ነው። በእንግሊዝኛ እንዲሁ «ሪቮሉሽን» ለሚባለው ለሞተር መሽከርከር ደግሞ «አብዮት» ፈጽሞ አይሆንም፤ «ዙር» እንላለን።