የአባቴን ምሳ በተደራራቢ ምሳ ዕቃ ለሚያደርሱልን ወይዘሮ የቀረበ ምስጋናና ጥቆማ

አባቴ የስኳርና የደም ግፊት ሕመም ያለባቸው፣ ቀኑን ብቻቸውን ቤት የሚውሉ አዛውንት ናቸው። እኔም ሆንኩ ባለቤቴ ከሥራ ወጥተን ምሳ ማቅረብ ስለማንችል፣ ጉለሌ አካባቢ የቤት ምግብ እያዘጋጁ ቤት ለቤት የሚያደርሱ አንዲት ወይዘሮ ይህን ጭንቀት አቅልለውልናል። ስማቸው በአደባባይ እንዲጻፍ ባይፈልጉም ምስጋናዬን በዚህ መልክ እንዳቀርብ ፈቅደውልኛል።

ምግቡ የሚመጣው በፌስታል ተቋጥሮ ሳይሆን፣ ግራና ቀኙ ተቆልፎ በአንድ እጀታ በሚንጠለጠል ባለ ሦስት ድርብ የስቴንለስ ምሳ ዕቃ ነው። ከታች ትኩሱ ወጥ፣ ከመካከል ጎመኑ ወይም ፎሶሊያው፣ ከላይ ደግሞ የተጠቀለለው እንጀራ ይቀመጣል። እንጀራ ከትኩስ ወጥ ጋር አብሮ ከታፈነ በእንፋሎቱ አልቦ ስለሚበጣጠስ፣ ይህ አደራደር በዘፈቀደ የመጣ አይደለም። ከዚህ በፊት እናዝበት ከነበረ ምግብ ቤት ሽሮው በፌስታል ታስሮ ይመጣና ወደ ሣህን እስኪገለበጥ ድረስ ግማሹ ፕላስቲኩ ላይ ተጣብቆ ይቀር ነበር። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ አዋጅ ፌስታልን ከልክሎ፣ ይዞ የሚገኝ ግለሰብ ከ2,000 እስከ 5,000 ብር እንዲቀጣ ሲደነግግም፣ ቀድሞውንም ፌስታል ስለማይጠቀሙ እሳቸው ዘንድ የሚለወጥ ነገር አልነበረም።

አሠራራቸው ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ ደንበኛ ሁለት ምሳ ዕቃ ይመድባሉ፤ አድራሹ ወጣት የዛሬውን ሙሉ አስረክቦ የትናንቱን ባዶ ይወስዳል። ለዕቃው መጠነኛ የመያዣ ገንዘብ ይቀበላሉ፤ ደንበኝነት ሲቋረጥ ይመልሳሉ። በየክዳኑ ላይ የደንበኛው ቁጥር በቀለም ተጽፏል፤ በሕንዷ ሙምባይ ከተማ ዳባዋላ የሚባሉት ምሳ አመላላሾችም የሰዉን ዕቃ የሚለዩት እንዲህ ባለ ምልክት ነው። የጾምና የፍስክ ዕቃ ፈጽሞ አይቀላቀልም፤ ረቡዕና ዓርብ እንዲሁም በአጽዋማት የሚመጣው ምሳ ዕቃ እጀታው ላይ አረንጓዴ ክር የታሰረበት ነው። ቤታቸው ሄጄ እንዳየሁት፣ ዕቃው ሲታጠብ የክዳኑ ጎማ ወልቆ ለብቻው ይፈተጋል፤ የበርበሬ ዘይት የሚደበቀውና ሽታ የሚያመጣው እዚያ ጎማ ሥር ነውና፣ ይህን የሚያደርግ ሰው ሌላውንም እንደማያጓድል ወዲያው ገባኝ።

ከሁሉም በላይ ያስደነቀኝ ግን ባዶውን ዕቃ ተቀብለው ዝም ብለው ወደ ማጠቢያው አለመወርወራቸው ነው። ምን እንደተበላና ምን እንደተረፈ ከፍተው ያያሉ። በአንድ ወቅት ወጡ እያለቀ ፎሶሊያው ብቻ ሳይነካ ይመለስ ስለነበር ደውለው፣ «አባባ ጥርሳቸውን ያማቸው ይሆን?» ብለው ጠየቁኝ። አባቴ ለእኛ ምንም አልተናገሩም ነበር፤ ሐኪም ዘንድ ስንወስዳቸው ግን አንድ መንጋጋቸው ተጎድቶ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ አትክልቱ ደቀቅ ብሎ ተከትፎ፣ በደንብ በስሎ ይመጣል። ጨውና ዘይት እንዲቀነስ የተሰጠንን የሐኪም ምክርም አንድ ጊዜ ከነገርናቸው በኋላ ማስታወስ አላስፈለገንም። ምግብን በሚጣል ዕቃ ልኮ የሚገላገል ሰው ይህን ሁሉ ከየት ሊያውቅ ይችላል? አባቴ በበኩላቸው የሰው ዕቃ ባዶውን መመለስ ነውር ነው ብለው፣ ከጓሮ የቀነጠሱትን ጤና አዳም ውስጡ ሳያኖሩ ክዳኑን አይገጥሙም፤ ወይዘሮዋም ለቡናቸው እንደሚሆን ነግረውኛል።

ሊታወቁ የሚገባቸው ነገሮችም አሉ። ምሳ ዕቃው እንደ ፔርሙስ ሙቀት የሚይዝ አይደለም። የበሰለ ምግብ ከሁለት ሰዓት በላይ ሳይቀዘቅዝም ሳይሞቅም እንዳይቆይ የዓለም ጤና ድርጅት ስለሚመክር፣ ርቀት ካለው ሰፈር ትእዛዝ አለመቀበላቸውን እኔ እደግፈዋለሁ። የዕለቱን ምሳ የሚፈልግ ሰው ከዋዜማው ማታ ማሳወቅ አለበት፤ እሑድ አይሠሩም፤ በክረምት ዝናቡ ሲበረታ መዘግየት ያጋጥማል። ዋጋቸው ከሰፈሩ ምግብ ቤቶች ጥቂት ከፍ ይላል፤ ሆኖም ለሕመምተኛ ተብሎ ለብቻው የሚሠራ ምግብ መሆኑን ለሚያውቅ ሰው የተጋነነ አይደለም።

በጉለሌና በአቅራቢያው የምትኖሩ፣ በተለይም አዛውንት ወይም አራስ ቤት ያላችሁ፣ በውስጥ መስመር ብትጽፉልኝ ወይዘሮዋን አስፈቅጄ ስልካቸውን እሰጣችኋለሁ። ዕቃውን በማግስቱ አዘጋጅቶ ለማስረከብ የማይመቸው ሰው ግን ባይጀምር ይመረጣል፤ አንድ ምሳ ዕቃ በአንድ ቤት ሲቀር የቀጣዩ ቀን ምሳ የሚሞላበት ዕቃ ያጥራል።