«9ኙም የዴርዴቪል ክፍል ገብቷል» ለሚሏችሁ ገንዘብ እንዳትልኩ

ገና ንዴቴ አልበረደም፤ ሌላ ሰው ሳይበላ ብዬ ነው የምጽፈው።

እነዚህን ሰዎች ታውቋቸዋላችሁ። ፊልምና ተከታታይ ድራማ የሚሸጡበት ቻናል አላቸው። አዲስ ሲዝን በወጣ ማግስት «ሙሉው ገብቷል፣ ፈጠን በሉ» ይላሉ። መጀመሪያ ገንዘብ፣ ከዚያ ሊንክ። ትናንት ማታ «ዴርዴቪል ቦርን አጌን፣ 9ኙም ክፍል» የሚል ሳይ አላስቻለኝም። ዴርዴቪል ስለተባለው ጀግና የተሠራው አዲሱ ተከታታይ ድራማ ነው፤ የድሮው እ.ኤ.አ. በ2018 ከተቋረጠ ጀምሮ ስጠብቀው የኖርኩት።

ባለቻናሉን ናሙና አሳየኝ አልኩት። ወዲያው ክፍል 1ን እና 2ን ላከልኝ። ከፈትኳቸው፤ እውነተኛ ናቸው፣ ጥራታቸውም ልክ ነው። አመንኩት። ከፈልኩ። ሊንኩ መጣ፤ ፋይሎቹ ከ3 እስከ 9 በተራ ተደርድረዋል።

ክፍል 3ን ከፈትኩ። መግቢያው ተቆርጧል። ጠባብ፣ ጨለምለም ያለ ኮሪደር። ማት መርዶክ፣ ማለትም ዴርዴቪል ራሱ፣ ዓይኑን በጥቁር ጨርቅ ሸፍኖ፣ እያለከለከ፣ ግድግዳ እየተደገፈ ከአንዱ በር ወደ ሌላው ይደባደባል። መጀመሪያ የድሮውን እያስታወሰ ነው ብዬ ጠበቅኩ። ከዚያ የታገተውን ልጅ ተሸክሞ ሲወጣ ሆዴ ቁርጥ አለ። ይህን ትዕይንት እኮ በቃሌ ነው የማውቀው! የ2015ቱ ሲዝን 1፣ የክፍል 2 መጨረሻ ነው። ያኔ ቀዩን ልብስ ገና አልለበሰም፤ የሚለብሰው ክፍል 13 ላይ ነው። የቀሩትንም አንድ በአንድ ከፈትኩ። ሁሉም የድሮው። ስማቸው ብቻ ተቀይሯል።

ጻፍኩለት። መልሱ ይኸው ነው፦ «ያው ቻርሊ ኮክስ አይደል እንዴ? ምን ትነዘንዘኛለህ?» በድሮውም በአዲሱም ዴርዴቪልን የሚጫወተውን ተዋናይ ማለቱ ነው። ንቀቱ! ገንዘቤን መልስልኝ አልኩት። አነበበው፤ ብሎክ አደረገኝ።

ከገንዘቡ በላይ የሚያንገበግበኝ የራሴ ሞኝነት ነው። ሲዝኑ በየሳምንቱ እንደሚለቀቅ አውቅ ነበር። ማርች 4 ቀን 2025 ዲዝኒ ፕላስ ላይ የወጡት 2 ክፍሎች ብቻ ነበሩ፤ 9ኛው የሚወጣው ኤፕሪል 15 ነበር። ቀኖቹን ለጓደኛዬ የነገርኩት እኔው ነኝ። ሰውየው ናሙና ብሎ የላከልኝ 2 ክፍል እኮ ለሕዝብ የወጣው በሙሉ ነበር! እስቲ 3ኛውን አሳየኝ ብለው ኖሮ እዚያው ያበቃ ነበር። አላልኩም። ጉጉቴ ዓይኔን ጋረደው።

እናንተ ከመክፈላችሁ በፊት የሚለቀቅበትን ቀን እዩ። ናሙና ስትጠይቁም የመጨረሻውን ክፍል ጠይቁ።

ማስታወቂያው አሁንም አልወረደም። እኔን ስላገደኝ በጓደኛዬ ስልክ ነው ያየሁት። ከሥሩ ሦስት ሰዎች «እንዴት ልክፈል?» ብለው ጠይቀዋል።