ያለ ምክንያት የሚቆም የሲኤንሲ ማሽን፦ በአለም ገና ስላገኘሁት የጥገና አገልግሎት

ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው አለም ገና፣ አነስተኛ የሲኤንሲ (በኮምፒውተር ትእዛዝ የሚሠሩ) ማሽኖችን የሚጠግን አንድ ወርክሾፕ አለ። ወደዚያ የሄድኩት የበር ፓኔል የምቀርጽበት፣ ግርብል በተባለው የመቆጣጠሪያ ሶፍትዌር የሚሠራው ራውተሬ (የእንጨት መቅረጫ ማሽኔ) ሥራውን ከመሃል እያቋረጠ «አላርም 1» የሚል መልእክት ማሳየት ስላበዛ ነው። መልእክቱ ሊሚት ስዊች (ማሽኑ ጠርዝ ላይ ሲደርስ የሚያስቆመው ማብሪያ) ተነክቷል ማለት ሲሆን፣ ማሽኑ ግን በዚያ ሰዓት ከየትኛውም ጠርዝ ርቆ በጣውላው መሃል ላይ ይገኝ ነበር። ግርብል እንዲህ ሲሆን ሞተሮቹን በድንገት ስለሚያቆም የማሽኑ አቀማመጥ አስተማማኝነቱን ያጣል፤ እንደገና ወደ መነሻው ካልተመለሰ በቀር መቀጠል አይቻልም፣ የተጀመረው የዋንዛ ጣውላም ብዙ ጊዜ ይበላሻል።

ቀደም ሲል ያየው ሌላ ጠጋኝ የሰጠኝ መፍትሔ የግርብልን ቁጥር 21 ሴቲንግ ዜሮ ማድረግ ነበር። በዚህ መንገድ አላርሙ ይጠፋል፤ ነገር ግን ማሽኑ በእርግጥ ጠርዝ ላይ ሲደርስ የሚያስቆመው ነገር አይኖርም። የአለም ገናው ባለሙያ ይህን ሐሳብ ወዲያውኑ አልተቀበሉትም። ማሽኑንም ከቦታው እንዳላነሳ ነግረውኝ ራሳቸው መጡ፤ ምክንያታቸውም የኤሌክትሪክ ኖይዝ (ምልክቶችን የሚያዛባ ረብሻ) ከማሽኑ ብቻ ሳይሆን ከቤቱ መስመርና ከጎረቤትም ሊመጣ ይችላል የሚል ነበር። ትክክል ነበሩ፤ ከግቢያችን አጠገብ የብረት በር የሚበይዱ ሰዎች አሉ።

የምርመራቸው ቅደም ተከተል ከሁሉም በላይ ያስደሰተኝ ነገር ነው። በመጀመሪያ ስፒንድሉን (መቁረጫውን የሚያዞረውን ሞተር) አጥፍተው ያንኑ ፕሮግራም በአየር ላይ አስኬዱት፤ ማሽኑ አልቆመም። ቀጥሎ አክሲሶቹን (ማሽኑን ወደየአቅጣጫው የሚወስዱትን ክፍሎች) ሳያንቀሳቅሱ ስፒንድሉን ብቻ አስነሱ፤ አላርሙ መጣ። በመጨረሻም የሊሚት ስዊች ገመዶቹን ከመቆጣጠሪያው የአርዱዪኖ ቦርድ ነቅለው ስፒንድሉን ሲያስነሱ አላርሙ ጠፋ። በዚህም ቦርዱ ደህና እንደሆነና ረብሻው የሚገባው በገመዶቹ በኩል እንደሆነ አንድም ዕቃ ሳይቀየር ታወቀ። የስፒንድሉ ኢንቨርተር (ፍጥነቱን የሚቆጣጠረው መሣሪያ) ቮልቴጁን በሴኮንድ በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ እየከፈተና እየዘጋ ሞተሩን ስለሚነዳ፣ የሞተሩ ገመድ ከሊሚት ገመዱ ጋር በአንድ የኬብል ሰንሰለት ውስጥ ጎን ለጎን ሲሄድ ረብሻውን ያሻግርለታል። የአርዱዪኖው ቺፕ በውስጡ ያለው ፑል አፕ ሬዚስተር (ስዊቹ ክፍት ሲሆን የመስመሩን ቮልቴጅ ከፍ አድርጎ የሚይዘው) ከ20 እስከ 50 ኪሎ ኦም የሚደርስ ደካማ በመሆኑ፣ ያልተነካ ክፍት ስዊች ያለበት ረጅም ሽቦ ይህን ረብሻ ለመቋቋም አቅም የለውም።

ስዊቾቹን በመደበኛ ጊዜ ዝግ በሚሆኑበት መንገድ አገናኝተው፣ ግርብል ምልክቱን በተቃራኒው እንዲያነብ ቁጥር 5 ሴቲንግን ገለበጡ። ይህ አሠራር ሽቦ ቢበጠስ እንኳ ማሽኑን ስለሚያስቆመው ለደኅንነትም የተሻለ ነው። ገመዱን ሺልድ (ረብሻን የሚከላከል የብረት ሽፋን) ባለው ቀይረው ሺልዱን በቦርዱ በኩል ብቻ ከግራውንድ ጋር አሰሩት፤ በየመስመሩም 4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተርና 0.1 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር ረብሻውን እንዲያጣሩ ጨመሩ። ማጣሪያው ምልክቱን ግማሽ ሚሊሴኮንድ ያህል ያዘገየዋል፤ ይሁንና ማሽኑ በደቂቃ 1000 ሚሊሜትር ሲጓዝ በዚያ ጊዜ የሚያልፈው ርቀት ከ0.01 ሚሊሜትር በታች ስለሆነ ሆሚንጉ (ወደ መነሻው መመለሱ) አይዛባም። የሞተሩ ገመድም በሌላ በኩል እንዲሄድ ተደረገ። ሳልጠይቃቸው የአደጋ ጊዜ ማቆሚያውን ቁልፍ በኮንታክተር (ከፍተኛ ኃይል በሚያገናኝና በሚቆርጥ ማብሪያ) በኩል የስፒንድሉን ኃይል በቀጥታ እንዲቆርጥ አድርገው ሠሩት። ቁልፉ ቀድሞ የሚያደርገው ለቦርዱ ምልክት መስጠት ብቻ ስለነበር፣ ይህ ብቻውን ለተከፈለው ገንዘብ ይበቃል ብዬ አምናለሁ።

የእንጨት ብናኝ የሚስበውን የፕላስቲክ ቱቦም አልረሱትም። በበጋው ደረቅ አየር ብናኙ በቱቦው ውስጥ ሲሮጥ ስታቲክ ኤሌክትሪክ ስለሚከማች፣ በቱቦው ርዝመት ባዶ የመዳብ ሽቦ ዘርግተው ከግራውንድ ጋር አገናኙት።

ጉድለት የለም ማለት አልችልም። የሶኬቴ ሦስተኛ ሽቦ ከምድር ጋር እንዳልተያያዘ ያገኙት እርሳቸው ቢሆኑም፣ የምድር ዘንጉን የሚቀብር ኤሌክትሪሺያን ራሴ እንድፈልግ ተዉኝ፤ ዘንጉ ከተተከለ በኋላ ሬዚስታንሱን የሚለኩበት መሣሪያም አልነበራቸውም። የአዲሱ ገመድ አዘረጋግ በወረቀት ተስሎ አልተሰጠኝም፤ ወደፊት ሌላ ሰው ማሽኑን ቢከፍት ከባዶ መጀመር ይኖርበታል። ዋጋውም አስቀድሞ አይነገርም፤ ዕቃዎቹ ርካሽ ሆነው ሳለ ከሂሳቡ አብዛኛው የድካም ዋጋ ስለሆነ፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት መስማማት ይገባል።

አላርሙ ከዚያ ወዲህ ጎረቤት ሲበይድም ሆነ ስፒንድሉ በሙሉ ፍጥነት ሲዞር አልተመለሰም። የቀረው ችግር ስፒንድሉ ሲነሳ አልፎ አልፎ የላፕቶፑ የዩኤስቢ ግንኙነት መቋረጡ ነው። ላፕቶፑ ከቻርጀሩ ተነቅሎ በባትሪ ሲሠራ ይህ ስለማይታይ፣ ባለሙያው ምክንያቱ በላፕቶፑና በማሽኑ ግራውንዶች መካከል የሚዞር ከረንት ነው ብለው የዩኤስቢ አይሶሌተር (ሁለቱን ግራውንዶች የሚለያይ መሣሪያ) እንድፈልግ መክረውኛል። መርካቶ ላይ እስካሁን ስላላገኘሁት፣ ረጅም ሥራ ስጀምር ላፕቶፑን በባትሪ እያሠራሁ ነው።