ጓሳና ስሜን፦ ሣሩን ማን ይጠብቀው?

የመንዝ ጓሳና የስሜን ተራሮች ሁለቱም ውርጭ የሚመታቸው ደጋ ናቸው፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ በሁለቱም አሉ። የሚለያዩት በአጠባበቃቸው ነው።

የመንዝ ጓሳ ይጠበቅ የነበረው በቄሮ፣ ማለትም ባለርስቶች የጋራ መሬታቸውን በሚያስተዳድሩበት ባህላዊ ሥርዓት ነው። የሚጠቀመው ከቀደምቶቹ አቅኚ አባቶች ከአስቦና ከጌራ የሚወለድ ባለርስት ሲሆን፣ መሬቱ ከ3 እስከ 5 ዓመት ይዘጋል። ሲከፈት መጀመሪያ ማጭድ ይገባል፤ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነው ጓሳ የተባለው ሣር ይታጨዳል። ከብት ተከትሎ ነው። ሐምሌ 5፣ የሐዋርያት ጾም ሲፈታ፣ ሁሉም ለቆ ይወጣል። ቅደም ተከተሉ ለወግ ብቻ አይደለም፤ ከብት ከቀደመ የሚታጨደው ሣር ይረጋገጣል፣ ክረምቱን ከሰነበተ ደግሞ እርጥቡን መሬት በኮቴው ያቦካዋል፣ ቡቃያውም አይነሣም።

ድክመቱ የቆመበት መሠረት ነበር። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሲሽር ቄሮም አብሮ ወደቀ። ዛሬ ጓሳን የሚያስተዳድረው የማኅበረሰብ ኮሚቴ ነው፣ በመተዳደሪያ ደንብ።

ስሜን የመንግሥት ፓርክ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1969 ተቋቋመ፣ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ስካውትም (የፓርክ ጠባቂ) ሕግም አለው። ግን ወረቀት ላይ የተሰመረ ወሰን ግጦሽና እርሻን አላቆመም፤ እ.ኤ.አ. በ1996 አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች ተርታ ገባ። የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው፣ የግጭ መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ ከተዛወሩ በኋላ። ውድ መንገድ ነው፤ ለነዋሪው ደግሞ ይበልጥ።

ለዋልያ ገደል፣ ፍየልና በግ ጨርሶ መድረስ ለሌለበት፣ የስሜንን እመርጣለሁ። ታጭዶ ለሚያቆጠቁጥ ሣር ግን የጓሳው ይሻላል።