«በቤት መብራት ይሠራል» ተብሎ የሚሸጥ የመኪና አምፕ፦ ከመክፈላችሁ በፊት አዳፕተሩን ፈትኑ

የመኪና አምፕሊፋየር፣ ባለ 12 ኢንች ሳብዉፈር (የቤዝ ስፒከር) እና የሶኬቱን መብራት ወደ 12 ቮልት የሚቀይር አንድ አዳፕተር አንድ ላይ አድርገው «ሶኬት ላይ ሰክቶ ማዳመጥ ብቻ ነው» እያሉ የሚሸጡ አሉ። አምፑ ላይ «3000 ዋት»፣ አዳፕተሩ ላይ «12 ቮልት 30 አምፔር» ተለጥፏል። ሱቁ ውስጥ በዝቅተኛ ድምፅ ሲከፍቱላችሁ ደህና ነው። ቤት ወስዳችሁ ከፍ ስታደርጉት ግን ቤዙ በመታ ቁጥር ይጠፋል፣ ይነሳል፣ ደግሞ ይጠፋል። ስትመልሱላቸው «የእናንተ ሰፈር መብራት ደካማ ነው» ይላሉ። አትመኑ። ዕቃው ከመጀመሪያውም አይመጣጠንም።

አምፑ ላይ የተጻፈውን ዋት ተዉትና ጎኑ ላይ የተሰኩትን ፊውዞች ደምሩ። ሁለት ባለ 25 ከሆኑ 50 አምፔር ነው። የመኪናው ሞተር ሲሠራ ዲናሞው 14 ቮልት ገደማ ስለሚሰጥ አምፑ ቢበዛ 700 ዋት ያህል ይስባል። ክላስ ኤቢ የሚባለው ዓይነት ከዚህ ግማሽ የሚጠጋውን በሙቀት ያባክናል፤ ስፒከሩ ጋ የሚደርሰው 350 ወይም 400 ዋት ነው። ክላስ ዲ ከሆነ 550 ገደማ ይደርሳል። 3000 ከየትም አይመጣም።

ዋናው ችግር ግን አምፔሩ ነው። የመኪና ባትሪ ሞተሪኖ ለማዞር የተሠራ ስለሆነ በአንድ ጊዜ ከመቶ አምፔር በላይ መልቀቅ ይችላል። ፓወር ሰፕላይ፣ ማለትም አዳፕተሩ፣ ከልኩ ሲያልፍ ቮልቱን ይጥላል ወይም ራሱን ይዘጋል፤ ቤዙ ሲቆራረጥ የምትሰሙት ይህንን ነው። ሙዚቃ ሁልጊዜ በሙሉ ኃይል ስለማይሄድ፣ መካከለኛ ድምፅ ለሚበቃው ሰው የፊውዞቹን ድምር ግማሽ ያህል በእርግጥ የሚሰጥ ፓወር ሰፕላይ ያሠራዋል። «በእርግጥ» የምንለው፣ 30 ተብሎ ተለጥፎበት 15 የማይችል ብዙ ስላለ ነው።

ሻጩ «ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ ለአፍታ የሚያጠራቅም ዕቃ) ጨምሩበት» ካለ ሁለተኛ ገንዘብ እየጠየቃችሁ ነው። ባለ 1 ፋራድ ካፓሲተር ቮልቱ ከ12 ወደ 11 እስኪወርድ ድረስ 50 አምፔር መስጠት የሚችለው ለሴኮንድ አንድ ሃምሳኛ ብቻ ነው። ከዚያም በላይ፣ ባዶውን ሲገናኝ ለፓወር ሰፕላዩ እንደ ሾርት ስለሚሆንበት ጭራሽ አልነሳም ሊል ይችላል። ሁለት ርካሽ ፓወር ሰፕላይ አንድ ላይ ማያያዝም መፍትሔ አይደለም፤ ለዚያ ካልተሠሩ በስተቀር ጭነቱን እኩል አይካፈሉም፣ አንዱ ቀድሞ ይቃጠላል።

ፍተሻው ቀላል ነው። ቮልት የሚለካ ቴስተርና ያገለገሉ ባለ 12 ቮልት የፊት መብራት አምፖሎች ያዙ። የኤች 4 አምፖል ረጅሙ መብራት 60 ዋት ነው፤ 5 አምፔር ይወስዳል። አጭሩ ተቃጥሎ ረጅሙ የሚሠራ አምፖል ጋራዥ ውስጥ አይጠፋም። ባለ 30 ተብሎ ለተሸጠላችሁ ስድስት፣ ባለ 20 ለተባለው አራት ያስፈልጋችኋል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ አታብሩ፤ ቀዝቃዛ አምፖል ሲነሳ ከልኩ ብዙ እጥፍ ስለሚስብ ደህናውን ፓወር ሰፕላይ ጭምር ያዘጋዋል። አንድ በአንድ ጨምሩ፣ ሁሉም በርተው አሥር ደቂቃ ይቆዩ። ቮልቱ ከ11.5 በታች ከወረደ፣ ከጠፋ፣ ወይም የፕላስቲክ ሽታ ካመጣ ትታችሁ ውጡ። መስተዋቱ በጣም ስለሚግል አምፖሎቹን ብረት ላይ አድርጉ። ሻጩ ይህን ፍተሻ ከከለከለ መልሱን አግኝታችኋል።

ከመሰካታችሁ በፊት ደግሞ በጎኑ ቀዳዳ የምትታየውን የ110 እና የ220 ማዞሪያ እዩ። 110 ላይ እንዳለች ብትሰኩት ወዲያው ይፈነዳል።

በፓወር ሰፕላይ ፋንታ የባትሪ ቻርጀር የሚሸጡላችሁም አሉ። የድሮው ባለ ትራንስፎርመር ቻርጀር ባትሪ ካልተያያዘበት የሚያወጣው ንጹሕ አይደለም፤ ስፒከሩ ያጉረመርማል፣ ጫፉም ከ16 ቮልት ሊያልፍና የመኪናውን ቴፕ ሊያቃጥል ይችላል። 19 ቮልት የላፕቶፕ ቻርጀርማ ጭራሽ አይታሰብም። ባትሪውን ከቻርጀር ጋር መኝታ ክፍል ማስቀመጥም ክልክል ነው፤ ሲሞላ የሚያወጣው ሃይድሮጅን በእሳት ብልጭታ ይፈነዳል።

አብሮ የሚሰጠው ቀጭን ሽቦ የቤት ማቃጠያ ነው። በ12 ቮልት በኩል 50 አምፔር ሲሄድ ከሶኬቱ የሚሳበው 3 አምፔር ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ሽቦው ቀልጦ ምንጣፍ ሲያያዝ የቤታችሁ ባለ 16 ብሬከር ምንም አያውቅም። ለ30 አምፔር ባለ 6 ካሬ (ካሬ ሚሊሜትር)፣ ለ50 ቢያንስ ባለ 10 ካሬ መዳብ ተጠቀሙ፤ ከፓወር ሰፕላዩ ፖዘቲቭ መውጫ አጠገብም ፊውዝ አስገቡ። ሽቦውን በምላጭ ፋቁት፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ነውና ከተጻፈበት ያነሰ ይሸከማል። የፓወር ሰፕላዩ ብረት አካል የግድ ከኧርዝ ይያያዝ። ኧርዝ በሌለው ሶኬት ከተሰካ አካሉ እጅ ይነዝራል፣ ስፒከሩም ሊጮህ ይችላል።

ሳብዉፈሩን ብቻ ገዝታችሁ በቀጥታ በ220 ከሚሠራ የቤት አምፕ ጋር ብታገናኙት ብዙ ጊዜ ወጪው ያንሳል፣ ድምፁም ይሻላል። ግን ኦሙን (የስፒከሩን የኤሌክትሪክ መቋቋም መጠን) ጠይቁ፦ የመኪና ሳብዉፈር ብዙውን ጊዜ ባለ 4 ኦም ነው፣ የቤት አምፑም ጀርባው ላይ 4 ኦም እንደሚችል የተጻፈበት መሆን አለበት። ሁለት ባለ 2 ኦም መጠምጠሚያ ካለው በተከታታይ ይያያዙ፣ 4 ይሆናል። ጎን ለጎን ከተያያዙ 1 ኦም ይሆኑና የቤቱን አምፕ ያቃጥሉታል።