የፊት ፍሬን ሸራ፦ ቤት ልቀይረው ወይስ ጋራዥ?

የቶዮታ ቪትዝ የፊት ፍሬን ሸራ ቤት ውስጥ መቀየር ይቻላል፤ እኔም እቀይራለሁ። ክሪክ፣ የተነሣው መኪና የሚያርፍበት ማቆሚያና ቁልፎች ካሏችሁ ለሁለቱም ጎማ ግማሽ ቀን ይበቃል። ትልቁ ጥቅም የእጅ ዋጋው አይደለም፣ ሸራው በአንድ በኩል ብቻ ተበልቶ እንደሆነ፣ ሸራው የሚጨብጠው ክብ ብረት፣ ዲስኩም፣ ተቦርቡሮ እንደሆነ በገዛ ዓይናችሁ ማየታችሁ ነው። ጋራዥ ከሄዳችሁ ግን አሮጌውን ሸራ አሳዩኝ በሉ፣ ሳትጠይቁ የሚያሳያችሁ ጥቂት ነው።

ጋራዥ ፈጣን ነው። ካሊፐሩ (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) ተጣብቆ አልላቀቅ ካለ፣ ዲስኩ ቶርኖ ቤት መግባት ካለበት ወይም ችግሩ የኋላው ታምቡር ፍሬን ከሆነ ወደዚያው ሂዱ። የታምቡር ሞላዎች ጀማሪን ያስለቅሳሉ።

ቤት የምትሠሩ ከሆነ እባካችሁ በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር አትግቡ። ካሊፐሩን በፍሬን ዘይት ቱቦው አታንጠልጥሉት፣ በሽቦ እሰሩት። ሸራውን የሚገፋውን የካሊፐሩን ፒስተን ወደ ውስጥ ስትመልሱ የፍሬን ዘይቱ ከማጠራቀሚያው ሞልቶ እንዳይፈስ እያያችሁ ይሁን፣ ቀለም ይልጣል። አንዱን ጎን ብቻ መቀየር የለም፣ ሁለቱም አብረው ይቀየራሉ፣ አለበለዚያ መኪናው ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ወገን ሊጎትት ይችላል። ከዚያ ሞተሩን አስነሡና ፔዳሉ እስኪጠነክር ደጋግማችሁ ርገጡ፤ ይህን ሳያደርግ ከግቢ የወጣ ሰው መጀመሪያ ሲረግጥ ፔዳሉ ባዶውን ወለል ድረስ ይወርድበታል።